አዲስ አበባ ላይ እንቁላል መቀቀል፦ ዘጠኝ ደቂቃ ለምን አይበቃም?

ባለፈው ፋሲካ ታላቅ እህቴ ከዱባይ ለበዓል መጥታ ነበር። ቅዳሜ ማታ እማዬ ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ እኔ የዶሮውን ብልት በሎሚና በጨው አጥባለሁ፣ እንቁላሉ ደግሞ ለእህቴ ተሰጠ። «እሱን ለኔ ተዉት፤ ዘጠኝ ደቂቃ ነው» አለችና ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ሰዓት ሞላች። ዱባይ ላይ እንቁላል የምትቀቅለው ሁሌም በዘጠኝ ደቂቃ ነው። አስኳሉ መሀል ላይ ትንሽ ለስለስ ሲል ነው የምትወደው።

አሥራ ሁለቱም ተቀቀሉ፣ ተላጡ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተደረደሩ። እማዬ የመጀመሪያውን አንስታ በቢላ ጫፍ ጎኑን ጠለቅ አድርጋ ጫር ስታደርገው ቢጫ ነገር ጣቷ ላይ ወረደ። እጇን ወደ አምፖሉ አንስታ አየችው።

«ይሄ እንቁላል ነው ማር?»

እህቴ ስልኳን አየች። ሰዓቱ ልክ ነው። ስህተቱ የት እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። የበዓል ዋዜማ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጾም ነው፤ ቆረስ አድርጎ መቅመስ የለም። ሰብሮ ማየት ደግሞ ለአሥራ ሁለቱ ብልት ከተቆጠረው እንቁላል ላይ አንድ ማጉደል ነው። ስለዚህ የፋሲካን እንቁላል የሚቀቅል ሰው ያለው ነገር ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱ ካልታመነ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ተከታተልኩት። በየቪዲዮው የሚነገረው ደቂቃ ለምን እኛ ቤት እንደማይሠራ፣ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት፣ ልጣጩስ ለምን አንዳንዴ ግማሹን እንቁላል ይዞ እንደሚሄድ። የደረስኩበት ይኸውላችሁ።

ጥፋቱ የውሃው ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ቶሎ ሲባል ብዙ ሳይሞቅ ማለት ነው። ዱባይ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። መንተክተኩ ያው ነው፣ እንፋሎቱም ያው ነው። ዓይን ልዩነቱን አያይም። እንቁላሉ ግን ያውቀዋል።

በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃዋ 96 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሐዋሳና ባሕር ዳር 94 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ 91 ዲግሪ ላይ እንኳ ሳይደርስ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ሰዎች ሽሮ እንጂ እንቁላል አይቸኩልላችሁም።

92 ዲግሪ እንቁላል አያበስልም ማለት ግን አይደለም። ነጩ መርጋት የሚጀምረው 60ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አስኳሉ ደግሞ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይጠጥራል። ስለዚህ ይበስላል። ሙቀቱ ከቅርፊቱ ተነስቶ መሀል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ስሌቱን ሠርቼ በድስቴም ሞክሬው ያገኘሁት ነገር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ አገር የተጻፈ ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ ሲሶ ያህል ይጨመርበታል።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ሙቀቱ አይጨምርም። በኃይል ይንተከተካል፣ ቶሎ ይተናል፣ እንቁላሎቹን እርስ በርስ ያጋጫል። ያለቀው ሲሊንደራችሁ ብቻ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ ረጋ ብሎ እየፈላ እንዲቆይ ማድረግ ይበቃል።

እንቁላል መምረጥ

ለመቀቀል ትኩሱ እንቁላል አይመረጥም። ይሄ ብዙ ሰው የማይቀበለው ነገር ነው። እኔም «ዛሬ የተጣለ ነው» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ የምገዛ ነበርኩ። ለፍርፍር አዎ፣ ትኩሱ ግሩም ነው። ቀቅሎ ለመላጥ ግን ጠላት ነው። ትኩስ እንቁላል ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለችው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀቀላል፤ ስትልጡት ነጩ ተቦጫጭቆ አብሮ ይወጣል። ቀናት ሲያልፉ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ የነጩ አሲዳማነት ይቀንሳል፤ መጣበቁም ይላላል። ከተጣለ ሳምንት ወይም አሥር ቀን የሆነው ይላጣል፤ የዛሬው ያለቅሳል።

ስለዚህ ለፋሲካ ዶሮ የሚሆነውን እንቁላል በሆሳዕና ሰሞን ግዙ። በዓሉ ሲቃረብ ዋጋው ሳይሰቀል መግዛታችሁ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነው።

የሐበሻ ወይስ የፈረንጅ? ለዶሮ ወጥ እማዬ የሐበሻ ካልሆነ አትልም። አስኳሉ ደመቅ ይላል፣ ጣዕሙም ይለያል ባይ ናት። እኔ በጣዕሙ አልከራከርም። ለሰዓቱ ግን ልዩነት አለው። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 40 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የፈረንጁ 55 ወይም 60 ግራም ይሆናል። ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ ቀላቅሎ አንድ ሰዓት መሙላት አንዱን ሳይበስል፣ ሌላውን አብዝቶ ማብሰል ነው። ለየብቻ ቀቅሉ፣ ወይ ትልልቆቹን ቀድማችሁ አስገቡ።

የሐበሻ እንቁላል ላይ ሌላም ጉድ አለ። ከገጠር በጭድ ተሸፍኖ የመጣ እንቁላል አንዳንዴ ዶሮዋ ታቅፋው የቆየ ይሆናል። ቀቅሎ ሰብሮ ጫጩት ማግኘት ያጋጠመው ሰው ለወራት እንቁላል አያይም። መላው ቀላል ነው። ክፍሉን አጨልሙ፣ የስልካችሁን ባትሪ አብሩ፣ እንቁላሉን ደፍጣጣውን ጫፍ መብራቱ ላይ ደፍታችሁ ያዙት። ደህናው ውስጡ ወጥ የሆነ ቀላ ያለ ብርሃን ያሳያል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የአየር ኪስ ትታያለች። እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀይ ክሮች ወይም ጥቁር ነገር ካያችሁ አትቀቅሉት። አያቶቻችን ይሄንን በፀሐይ ያደርጉት ነበር፤ እጃቸውን እንደ ቱቦ ጠቅልለው። እኛ ስልክ አለን።

የገማውን ለመለየት ደግሞ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉና ክተቱት። ሥሩ ላይ በጎኑ ከተኛ ትኩስ ነው። ሥሩ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰንብቷል፤ ለቅቅል የምንፈልገው በሁለቱ መሀል ያለውን ነው። ከተንሳፈፈ ጣሉት። ቀኑ በገፋ ቁጥር የአየር ኪሱ ስለሚሰፋ ነው የሚንሳፈፈው። አንድ የገማ እንቁላል ድስት ውስጥ ከፈነዳ አሥራ አንዱንም ይዞ ነው የሚሄድ።

እጥበቱን በተመለከተ፦ ፋንድያ ወይም ላባ የተጣበቀበትን እንቁላል ልትቀቅሉ ስትሉ እጠቡት። ገዝታችሁ እንደመጣችሁ አጥባችሁ አታስቀምጡ። ቅርፊቱ ላይ የተፈጥሮ መከላከያ ሽፋን አለ፤ ውሃው እሱን ያነሳዋል፣ ቆሻሻም በቀዳዳዎቹ ለመግባት መንገድ ያገኛል።

ከፍሪጅ ያወጣችሁት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጪ ይቆይ። ቀዝቃዛ እንቁላል የፈላ ውሃ ሲነካው ቶሎ ይሰነጠቃል፤ መሀሉም ለመሞቅ ተጨማሪ ደቂቃ ይፈልጋል። የእህቴ እንቁላሎች ከፍሪጅ ወጥተው በቀጥታ ነበር የገቡት። ይሄ ሁለተኛው ስህተት ነበር።

ወደ ድስቱ

መጀመሪያ ውሃው ይፍላ፣ ከዚያ እንቁላሉ ይግባ። እማዬ የምታደርገው ተቃራኒውን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከታ አንድ ላይ ታፈላዋለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች፣ ትዝ ሲላት ታወጣዋለች። በእሷ ዘዴ ጥሬ እንቁላል አይተን አናውቅም። አረንጓዴ ቀለበት ያለበት ግን ሁሌም ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

የፈላ ውሃ የምመርጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነጩ ድንገት ሲሞቅ ከሽፋኑ ጋር ብዙ ሳይጣበቅ ይረጋል፤ መላጡ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ይታመናል። ከቀዝቃዛ ውሃ ከጀመራችሁ ውሃው እስኪፈላ ያለው ጊዜም ማብሰያ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ በየቤቱ ይለያያል። መብራት ሲደክም የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ድስቱን ለማፍላት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ሲጠነክር አሥር ደቂቃ። ከሰል ከሆነማ እንደ ከሰሉና እንደ ማራገቢያችሁ ነው። የፈላ ውሃ ግን የትም ቤት የፈላ ውሃ ነው።

1. ድስቱ ሰፊ ይሁን። እንቁላሎቹ ሳይደራረቡ በአንድ ንጣፍ ይቀመጡ። ውሃው ከበላያቸው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል።

2. ውሃውን አፍሉ። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ካላችሁ በሱ አፍልታችሁ ድስቱ ውስጥ ገልብጡት፤ ቶሎ ይደርሳል። ትንሽ ጨው ወይም አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ መጨመር ትችላላችሁ። እንቁላሉ እንዳይሰነጠቅ አያደርግም። ከተሰነጠቀ ግን የሚወጣውን ነጭ ቶሎ ያረጋውና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። «ጨው ውሃውን የበለጠ ያሞቀዋል» የሚባለው አንድ ማንኪያ ጨው ላይ አይሠራም፤ የሚጨምረው የዲግሪ ሽርፍራፊ ነው።

3. እሳቱን ቀነስ አድርጉና እንቁላሎቹን በጭልፋ አንድ በአንድ አስገቡ። ከላይ አትልቀቁ፤ ጭልፋው የድስቱን ሥር ነክቶ እንቁላሉ ራሱ ተንሸራቶ ይውረድ። እዚህ ጋ መቸኮል ነው ስንጥቁን የሚያመጣው።

4. እሳቱን መልሳችሁ ጨምሩ። አሥራ ሁለት እንቁላል ሲገባ ውሃው መፍላቱን ያቆማል። የእህቴ ሦስተኛው ስህተት ይሄ ነበር፤ ጠባብ ድስት፣ ትንሽ ውሃ፣ አሥራ ሁለት ቀዝቃዛ እንቁላል፣ ሰዓቱ ደግሞ እየቆጠረ። ሰዓት የምትሞሉት ውሃው ተመልሶ መንተክተክ ሲጀምር ነው። ሦስት ወይም አራት እንቁላል ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ እንደገባ ሙሉ።

5. ክደኑት፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ረጋ ብሎ ይፍላ።

አሁን ደቂቃው። ይሄ ከፍሪጅ ውጪ ለቆየ የፈረንጅ እንቁላል፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በእኔ ድስት ያገኘሁት ነው። ስምንት ደቂቃ፦ ነጩ ረግቷል፣ አስኳሉ ይፈሳል፤ ዳቦ ለሚያጠቅስ ሰው። አሥራ አንድ ደቂቃ፦ ዳሩ ጠጥሮ መሀሉ ለስለስ ያለ፤ የእህቴ ዓይነት። አሥራ አምስት ደቂቃ፦ እስከ መሀሉ ጠጣር። ለዶሮ ወጥ፣ ለልጆች ምሳ ዕቃ፣ ለሰላጣ ይሄኛው ነው። የሐበሻ ከሆነ ለጠጣሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። በቀጥታ ከፍሪጅ ከወጣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

ሌላ ቦታ ያላችሁ? ደብረ ብርሃን አሥራ ስድስት በሉት። ድሬዳዋ አሥራ ሦስት። ዱባይ፣ ጂዳ፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ለጠጣሩ። አሜሪካ ከሆነ እንደ ከተማው ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ የዱባይ ሰዓት ይሠራላችኋል። ዴንቨር ያለው ወገናችን ግን 1,600 ሜትር ላይ ነው፤ ውሃው 95 አካባቢ ላይ ስለሚፈላ አሥራ ሦስት ይበል። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው እንቁላል ታጥቦ በፍሪጅ የሚቀመጥ መሆኑንም አትርሱ፤ ከፍሪጅ የወጣ ነውና ደቂቃ ጨምሩለት።

እነዚህን ቁጥሮች አንዴ በራሳችሁ ድስት ፈትኗቸው። ጾም ባልሆነ ቀን አራት እንቁላል ክተቱና በ11፣ በ13፣ በ15 እና በ17 ደቂቃ አንዳንዱን አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱ፤ ከሁለት ክፈሏቸው። የወደዳችሁትን ቁጥር የቁም ሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፉት። በዓል ሲመጣ የምትቀምሱት ነገር ስለሌለ ያ ወረቀት ነው የሚያድናችሁ።

ውሃ በፈረቃ ለሆነበት ቤት

ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ከሆነና አንድ ድስት ውሃ ለእንቁላል ማፍሰስ ካሳሰባችሁ በእንፋሎት ቀቅሉት። ድስቱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ውሃ አፍሉ፣ ከላዩ ወንፊት ወይም የእንፋሎት ማብሰያ አስቀምጡ፣ እንቁላሉን ደርድሩ፣ በደንብ ክደኑ። እንፋሎቱ ሙቀቱ ከፈላው ውሃ ጋር እኩል ነው። አንድ ደቂቃ ጨምሩበት። እንዲያውም እንቁላሎቹ ስለማይጋጩ ስንጥቁ ይቀንሳል። እኔ አሁን አሁን ውሃ እያለም በዚሁ ነው የምቀቅለው።

መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? ክዳኑን አትክፈቱ። ፎጣ ጣል አድርጉበት። የተጠራቀመው ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላል። እኔ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቄ አንዱን ሰብሬ አያለሁ።

ማይክሮዌቭ ውስጥ እንቁላል ከነቅርፊቱ እንዳታስገቡ። እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ይፈነዳል። የተላጠውን እንኳ ማሞቅ አይመከርም፤ አንዳንዴ ሹካ ሲነካው ነው የሚፈነዳው፣ ያውም ፊት ላይ።

ማቀዝቀዝ፦ ሰው የሚዘለው ደረጃ

ሰዓቱ ሲደወል እንቁላሉ መብሰሉን አላቆመም። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ መሀል መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ የፈላውን ውሃ ደፉና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት የቧንቧ ውሃ እንደ በረዶ ነው፤ ሁለት ጊዜ መቀየር ይበቃል። ባሕረ ሰላጤው አገር በበጋ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለእጅ ይሞቃል፤ እዚያ በረዶ ግዴታ ነው። አሥር ደቂቃ ይቆይ።

ያ አስኳሉ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ቀለበት የሚመጣው እዚህ ጋ በመስነፍ ነው። ነጩ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ድኝ ያለበት ጋዝ ይወጣዋል፤ አስኳሉ ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። ሁለቱ ድንበር ላይ ሲገናኙ ያ ቀለም ይፈጠራል፣ ሽታውም ከዚያው ነው። አይጎዳም። ልጅ ሆነን የበላነው ሁሉ እንደዚያ ነበር። ግን አስኳሉ ደርቆ እንደ አሸዋ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤ በዓሉን ሙሉ ቁሌት ውስጥ የሰነበተ እንቁላል እንደዚያ ሲሆን ያሳዝናል።

መላጥ

ደፍጣጣውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ አድርጉት። የአየር ኪሱ እዚያ ስለሆነ ጣታችሁን ከነጩ ሳታጋጩ ማስገቢያ ታገኛላችሁ። ከዚያ በመዳፋችሁ ሥር ቀስ እያላችሁ አንከባልሉት፤ ቅርፊቱ ሁሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ሲሰነጣጠቅ ይሰማችኋል። አሁን ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለችውን ስስ ሽፋን በአውራ ጣት ያዙ። እሷ ከተያዘች ቅርፊቱ እንደ ሪባን ተያይዞ ይወርዳል። እሷ ከቀረች እንቁላሉን እየቧጨራችሁ ነው።

አልላጥ ካለ ውሃ ውስጥ እያደረጋችሁ ላጡ። ውሃው በሽፋኑና በነጩ መሀል ይገባል። ማንኪያ ተጠቅመው በአንድ ዙር የሚያወጡም አሉ፤ እኔ በማንኪያ ቀድሜ የምሰብረው ነጩን ስለሆነ ትቼዋለሁ። የሚቀቀልበት ውሃ ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ መጨመርም ለትኩስ እንቁላል ይረዳል። ያው የነጩን አሲዳማነት መቀነስ ነው ሥራው። ሳምንት የማስቀመጥን ያህል ግን አይሆንም።

ተላጦ ሲያበቃ አስኳሉ ጥሬ ሆኖ ቢገኝስ? እኛ ያን ማታ የሆነው ይሄው አይደል። ያልተጫረው እንቁላል ሁሉ ተርፏል። የተላጠ እንቁላል ተመልሶ ረጋ ብሎ የሚፈላ ውሃ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ነጩ ረግቶ ስለነበር አይበተንም። ስድስት ደቂቃ ጨመርንለት። አሥራ አንዱ ለፋሲካ ደረሰ። እማዬ የጫረችው አንዱ ግን እንደገና አይቀቀልም ነበርና ለብቻው ተቀመጠ። እህቴ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ የበላችው እሱን ነው፤ «እንዲያውም ለኔ እንደዚህ ነው የሚመቸኝ» አለች በኩራት።

ለዶሮ ወጥ

መጫሩን አትርሱ። ጎኑን ሦስት ወይም አራት ቦታ በቢላ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ጫር ጫር አድርጉት፤ ቁሌቱ የሚገባው በዚያ ነው። አስኳሉ ድረስ አትዝለቁ፤ ነጩን ብቻ። ድስቱ ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ዶሮው ከበሰለ በኋላ፣ ወጡ ሊወጣ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ቀድሞ ከገባ እንደ ላስቲክ ይጠነክራል። ከገባ በኋላ በማማሰያ አታማስሉት፤ ድስቱን በጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት።

ለቁርስ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ የለም። ከሁለት ክፈሉት፣ ሚጥሚጣና ጨው በትኑበት፣ ትኩስ ዳቦ ያዙ። ማታ መንገድ ላይ ልጆች በባልዲ ይዘው የሚሸጡት እንቁላል ለምን እንደሚጣፍጥ አስቤ አውቃለሁ፤ ሚጥሚጣው ነው፣ እና መራቡ። ለእንግዳ በሥርዓት ማቅረብ ከፈለጋችሁ ቢላ አትጠቀሙ፣ አስኳሉ ቢላው ላይ ይለጠፋል። ንጹሕ የስፌት ክር ዙሪያውን ጠቅልላችሁ ሳቡት። እንደ መስታወት ይቆርጠዋል።

አስኳሉ የሚፈሰውን ዓይነት ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊና ለታመመ ሰው አትስጡ። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ጥሬ እንቁላል ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ለእነሱ እስከ መሀሉ የጠጠረው ነው።

የተረፈው

የተቀቀለ እንቁላል ከጥሬው ቶሎ ይበላሻል። ያ የተፈጥሮ ሽፋኑ በመቀቀሉ ተነስቷል። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አታቆዩት። ፍሪጅ ውስጥ ከነቅርፊቱ ሳምንት ይቆያል። የተላጠውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ በማግስቱ ብትጨርሱት ይሻላል። ለልጅ ምሳ ዕቃ ከነቅርፊቱ ስጡት፤ ሳይላጥ ይሄዳል፣ ሳይሸት ይደርሳል።

ፍሪጅ ውስጥ ከጥሬው ጋር ከተቀላቀለባችሁ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩት። የተቀቀለው እንደ እንዝርት ፈጥኖ ይዞራል። ጥሬው ውስጡ ስለሚንቦጫረቅ እየተንገዳገደ ይቆማል። እማዬ ማሽከርከር አትወድም፤ አንዱ ተንከባልሎ ከጠረጴዛ ወድቆባታል፣ ያውም ጥሬው። አሁን በእስክርቢቶ ቅርፊቱ ላይ «በስሏል» ብላ ትጽፍበታለች። እህቴ ከሄደች በኋላ ፍሪጁን ስከፍት ግን ሁለት እንቁላል ላይ በእሷ እጅ «15» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ።